ሁለት ጊዜ የምንሠራው ሥራ

"ለሥራ የሚሆን ምን ዕቃ ልግዛ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። አዲስ ዕቃ ሳይ አላስችል እንደሚለኝ የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ። እኔ ግን ምንም ከመናገሬ በፊት መልሼ እጠይቃለሁ፦ "በሥራህ ላይ ሁለት ጊዜ የምትጽፈው ነገር ምንድን ነው?"

ብዙዎቹ ግር ይላቸዋል። እነሱ የመጡት ላፕቶፕ ይሻላል ወይስ ታብሌት ብለው ነው። እኔ ስለ መጻፍ አመጣባቸዋለሁ። ትንሽ አሰብ ሲያደርጉ ግን መልሱ አይጠፋቸውም። አንዷ ቀን በእጇ የሞላችውን ቅጽ ማታ ኮምፒውተር ላይ ትተይበዋለች። አንዱ በስልክ የተነገረውን ዝርዝር መጀመሪያ ደብተር ላይ ይጽፋል፣ ከደብተር ደግሞ ወደ ኤክሴል ይገለብጣል። ሌላው ከስልኩ ወደ ላፕቶፑ ፎቶ ለማሻገር ለራሱ ኢሜይል ይልካል። ለራስ ኢሜይል መላክ! ሁላችንም አድርገነዋል።

አዲስ ዕቃ ሥራ ያቀላል ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ፍጥነት ነው። ፈጣን ፕሮሰሰር፣ ፈጣን ኢንተርኔት፣ ፈጣን ፕሪንተር። ፍጥነት አይጠላም። ግን ውሎውን ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ ጊዜያችንን የሚበላው ብዙውን ጊዜ ሥራው ራሱ አይደለም። በአንዱ ሥራና በሌላው መሀል ያለው ጣጣ ነው። መገልበጥ፣ መጠበቅ፣ መፈለግ፣ የተነገረን ነገር ደግሞ መጠየቅ። ገንዘብ ቢወጣበት የማይቆጭ ዕቃ ይህን መሀል ያለውን ጣጣ የሚያጠፋ ነው። የቀረው ብልጭልጭ ነው። ብልጭልጭም እወዳለሁ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህን እንዲሁ ከመሬት ተነስቼ አይደለም የምለው። የእኔ ሙያ ሕንፃ መለካትና ወጪ መገመት ነው። ሲያዩት ከቴክኖሎጂ ጋር ብዙም የሚገናኝ አይመስልም። ነባር ሕንፃ ሊታደስ ሲል ክፍል በክፍል እየዞርን እንለካለን። ግድግዳው ስንት ካሬ ነው፣ ወለሉ ስንት ነው፣ ስንት በር፣ ስንት መስኮት አለው። ከዚያ ቢሮ ተመልሰን ቁጥሩን ኤክሴል ውስጥ እናስገባለን። ብዛቱን በነጠላ ዋጋ እናባዛለን፣ እንደምራለን። በቃ፣ ይኸው ነው።

በድሮው አሠራር አንዱ የሜትሩን ጫፍ ግድግዳው ላይ ይይዛል። ሌላው እየሳበ ወዲያኛው ግድግዳ ድረስ ይሄዳል። ሜትሩ መሀሉ ላይ ይረግባል። "ወጥረው እንጂ!" ይባላል። ይወጠራል። ከዚያ ቁጥሩ በጩኸት ይነገርና ሦስተኛው ሰው ደብተር ላይ ይጽፋል። ጽሑፉ በቆመበት፣ በጉልበቱ ላይ፣ አንዳንዴም በጨለማ የሚጻፍ ነው። ቢሮ ሲደረስ ደብተሩ ይገለጣል። ይህ 3 ነው ወይስ 8? "አራት ከስምንት" የተባለው 4.08 ነው ወይስ 4.80? የለካው ሰው ይደወልለታል። እሱም አያስታውስም። ማን ያስታውሳል? በዚያን ቀን ስንት ክፍል ነው የዞረው! ስለዚህ ለአንዲት ቁጥር ተመልሶ መሄድ ይመጣል።

ሌዘር ሜትር ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። ከስልክ የማይበልጥ ዕቃ ነው። ጀርባውን ግድግዳ ላይ ታስደግፈዋለህ፣ ቁልፏን ትጫናለህ፣ ቀይ ነጥብ ወዲያኛው ግድግዳ ላይ ታርፋለች፣ ቁጥሩ ይወጣል። በእጅ የሚያዘውን የመጀመሪያውን ሌዘር ሜትር ላይካ የተባለው ኩባንያ ዲስቶ በሚል ስም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እኔ ያወቅኩት ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ፣ ዋጋው እንደ እኔ ላለ ሰው ከደረሰ በኋላ ነው።

ውስጡ ያለው ሥራ ጉድ ያሰኛል። ብርሃን በአንድ ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ቢሊዮንኛ፣ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ይጓዛል። እነዚህ ዕቃዎች ደግሞ የሚሳሳቱት 2 ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ብርሃኑ ሄዶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ በቀጥታ እንቁጠር ቢባል፣ 2 ሚሊሜትርን ለመለየት ከሰከንድ ትሪሊዮንኛ 13 ያህሏን ነጥሎ የሚያይ ሰዓት ያስፈልጋል። ስለዚህ ብዙዎቹ በቀጥታ አይቆጥሩም። ብርሃኑን ደመቅ ፈዘዝ እያደረጉ ይልኩታል። ተመልሶ ሲመጣ ያ ድምቀት ከተላከው ምን ያህል ወደኋላ እንደቀረ ያነጻጽራሉ። ርቀቱን የሚያሰሉት ከዚያ ነው። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ጣትህን ከቁልፏ ሳታነሳ ነው።

ሰው ሲያየው "ፈጣን ነው" ይላል። ልክ ነው፣ ፈጣን ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ለውጥ ፍጥነቱ አልነበረም። መጀመሪያ የሜትር ጫፍ የሚይዘው ሰው ነፃ ወጣ። ሌላ ክፍል ገብቶ የራሱን ሥራ መሥራት ቻለ። ቀጥሎ ብሉቱዝ ያለው ሞዴል መጣ። አሁን ቁጥሩ ስልኬ ላይ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ በራሱ ይገባል። የሚጮህ ሰው የለም፣ የሚጽፍ ሰው የለም፣ ማታ የሚተይብ ሰው የለም። ቁጥሩ አንዴ ተወለደ፣ አንዴ ተመዘገበ፣ አለቀ። ያ የ3 እና የ8 ክርክር ከነጭራሹ ጠፋ።

ዕቃው ጣጣ የለውም ማለት አይደለም። ጠራራ ፀሐይ ላይ ነጥቧ አትታይም። መስታወት ላይ ብታነጣጥር ብርሃኑ አልፎ ይሄድና ከመስኮቱ ባሻገር ያለውን ግድግዳ ለክቶ ይሰጥሃል። ሌላም አለ፣ ይህኛው ብዙ ሰው ጉድ የሠራ ነው። ዕቃው ከየት ጀምሮ እንደሚለካ የሚመረጥበት ቁልፍ አለው፤ ከጀርባው ወይም ከፊቱ። ከጀርባው ሲሆን የራሱን ርዝመት ደምሮ ይናገራል። ሳይታወቅ ኪስ ውስጥ ተነክቶ ወደ ፊቱ ከተቀየረ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ልኬት ሁሉ በዕቃው ቁመት ያህል ያንሳል። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ስለሚስማሙ ቢሮ ሆኖ የሚያየው ሰው አይጠረጥርም። ስለዚህ አሮጌው ሜትር ዛሬም ኪሴ ውስጥ አለ። ጠዋት አንዲት ግድግዳ በሁለቱም እለካለሁ። ከተስማሙ ሥራ ይጀመራል።

ይህ አንዴ ብቻ የመመዝገብ ነገር እኛ ዘንድ የተጀመረ አይደለም። ባርኮድን እንውሰድ። ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ላይ የተነበበው እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1974፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ትሮይ በምትባል ከተማ ባለ ሱፐርማርኬት ነው። የተነበበው አንድ እሽግ ማስቲካ ነበር። ካሸሪዋ ዋጋ በጣቷ ከመምታት ዳነች፤ ይህ የሚታየው ጥቅም ነው። የማይታየው ይበልጣል። ዕቃው በተሸጠባት ቅጽበት ከመጋዘን ቁጥር ላይ በራሱ ተቀነሰ። ማታ መደርደሪያ እየዞሩ ስንት ቀረ እያሉ መቁጠር ቀነሰ። የተሸጠው ነገር ራሱን ጻፈ ማለት ነው።

ኪውአር ኮድም የመጣው ከዚሁ ጭንቀት ነው። ጃፓን ውስጥ ዛሬ ዴንሶ ዌቭ የሚባለው ኩባንያ በ1994 ያወጣው ለመኪና መለዋወጫ ፋብሪካ ሠራተኞች ነው። ተራው ባርኮድ የሚይዘው 20 ያህል ፊደልና ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሳጥን ላይ ብዙ ባርኮድ ይለጠፍ ነበር። ሠራተኛው አንዱን ሳጥን ደጋግሞ ማንበብ ነበረበት። ማሳሂሮ ሃራ የተባለው መሐንዲስና ባልደረባው ይህን ሰምተው ነው ከ7,000 በላይ አኃዝ የሚይዘውን ባለ ካሬ ኮድ የሠሩት። አንድ ሳጥን፣ አንድ ንባብ።

እዚህ ጋ ግን አንድ የሚያናድድ ነገር ላንሳ። ዕቃው ተገዝቶ አሠራሩ ካልተቀየረ፣ ድርቡ ሥራ ይባስ ብሎ ሦስት ይሆናል። አብሬያቸው የሠራሁ አንድ መሥሪያ ቤት ለሳይት ሪፖርት ብሎ ለሠራተኞቹ ታብሌት ገዛ። ደስ አለን። ሪፖርቱ ሳይት ላይ ተሞልቶ በዚያው ሊላክ ነው። ከዚያ መመሪያ መጣ፦ ሪፖርቱ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ስካን ተደርጎ ይላክ። ሳይት ላይ ፕሪንተር የለም። ስለዚህ ሰው ሁሉ መጀመሪያ በወረቀት ይሞላል፣ ያስፈርማል፣ ከወረቀቱ አይቶ ታብሌቱ ላይ ይተይባል፣ ቢሮ ሲመለስ ስካን ያደርጋል። ታብሌቱ ከመምጣቱ በፊት ወረቀቱን ብቻ ነበር የምናስረክበው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ለዚህ ደግሞ ታሪክ ምስክር አለው። ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ሶሎው በ1987 የኮምፒውተር ዘመን በየቦታው ይታያል፣ ምርታማነትን በሚያሳየው ቁጥር ላይ ብቻ ነው የማይታየው ብሎ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ፖል ዴቪድ የተባለ የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪ መልስ የሚሆን ነገር አመጣ። መልሱን ያገኘው ከኤሌክትሪክ ሞተር ነው።

ከኤሌክትሪክ በፊት ፋብሪካ የሚሠራው በአንድ ትልቅ የእንፋሎት ሞተር ነበር። ከሞተሩ የሚወጣ ረጅም ብረት ጣሪያው ሥር ይሽከረከራል። ማሽኖቹ ሁሉ በቀበቶ ከሱ ጋር ይታሰራሉ። ስለዚህ ማሽን የሚቀመጠው ሥራው በሚፈልገው ተራ ሳይሆን ብረቱ ባለበት ነው። የኤዲሰን ኩባንያ በ1882 ኒው ዮርክ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከፈተ። ፋብሪካዎች ቀስ በቀስ እንፋሎቱን አውጥተው በምትኩ አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር አስገቡ። ብረቱም፣ ቀበቶውም፣ አቀማመጡም እንደነበረ ቀረ። ትርፉ እምብዛም ነበር። እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ትንሽ ሞተር ሲያገኝና ፋብሪካው እንደ ሥራው ቅደም ተከተል እንደገና ሲደረደር ነው ለውጡ የመጣው። ያ ደግሞ በ1920ዎቹ ነው። አርባ ዓመት ማለት ነው!

የእኛም ታብሌት ችግሩ ይኸው ነው። ሞተሩ ተቀየረ፣ ቀበቶው አልተፈታም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ከዕቃዎች ሁሉ ብዙ ድርብ ሥራ ያጠፋልኝ የቱ ነው ብባል፣ የስልክ ካሜራ ነው የምለው። አዲስ ነገር አይደለም፣ ሁሉም ኪስ ውስጥ አለ። ግን ብዙ ሰው ለሥራ ሲጠቀምበት አላይም። ሳይት ላይ ክፍል ከመለካቴ በፊት መጀመሪያ የበሩን ቁጥር ፎቶ አነሳለሁ። ከዚያ የክፍሉን ፎቶዎች። ከዚያ የቀጣዩን በር። ቢሮ ስመለስ ፎቶዎቹ በሰዓት ተራ ተደርድረው ይጠብቁኛል። የትኛው ስንጥቅ የየትኛው ክፍል እንደሆነ መገመት የለም። ስንጥቅ ሲሆን ደግሞ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጬ ነው የማነሳው። ማስመሪያ የሌለበት የስንጥቅ ፎቶ ለሪፖርት አይረባም። ፀጉር ያህልም ይሁን ጣት የሚያስገባ፣ ፎቶ ላይ አንድ ነው።

ወረቀት ስካን የሚያደርጉት አፖችም እንዲሁ ናቸው። ጠምዘዝ ብሎ የተነሳውን ገጽ አቃንተው ያወጡታል። የታተመ ጽሑፍ ከሆነ ፊደሉን ለይተው ወደሚገለበጥ ጽሑፍ ይቀይሩታል። የእጅ ጽሑፍ ላይ ግን ገና ናቸው። በተለይ የእኔን።

ድምፅን ወደ ጽሑፍ መቀየር ብዙ ተስፋ የጣልኩበት ነገር ነው። እየሄድኩ "ሁለተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ሥር፣ ቀለም ልጧል" ብዬ ብናገርና ተጽፎ ባገኘው ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ኦፕንኤአይ በ2022 ዊስፐር የተባለውን ሥርዓት ሲያወጣ በ680,000 ሰዓት የድምፅ ቅጂ የሠለጠነ መሆኑን ተናግሯል። ከዚያ ውስጥ ወደ ሁለት ሦስተኛው እንግሊዝኛ ነው። የቀረውን ወደ መቶ የሚጠጉ ቋንቋዎች ይከፋፈሉታል፣ ያውም እኩል አይደለም። ውጤቱም ይህንኑ ይመስላል። በእንግሊዝኛ ስናገር ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር ያስቀምጣል። በአማርኛ ስናገር የማላውቀው ሰው የተናገረ ይመስላል። ስለዚህ አሁን የምጠቀምበት ለማስታወሻ ያህል ነው። ድምፁን አልሰርዘውም። ቁጥርና ስም ካለበት መልሼ እሰማለሁ። መልሼ ከሰማሁ ደግሞ ያው ድርብ ሥራ ነው፤ ግን ከመርሳት ይሻላል።

ጆሮ ላይ ስለሚደረገው ዕቃም ላንሳ፤ ድምፅ ስለሚያጠፉት ሄድፎኖች። አንድን አንቀጽ ሁለቴ ማንበብም እኮ ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ለገበያ ካበቋቸው አንዱ አማር ቦዝ ነው፤ የኤምአይቲ ፕሮፌሰር። በ1978 ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበር አውሮፕላኑ ላይ የተሰጠውን ማዳመጫ ሞከረ፤ የሞተሩ ጩኸት ሙዚቃውን ዋጠበት። እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ ሒሳቡን መሥራት ጀመረ። ለፓይለቶች የሚሆነው ምርት የወጣው በ1989 ነው። አሠራሩ ደስ ይላል። ትንሽ ማይክሮፎን የውጪውን ድምፅ ይሰማል። ዕቃው የዚያን ድምፅ ግልባጭ ሞገድ ፈጥሮ ጆሮህ ላይ ይለቃል። አንዱ ሲነሳ ሌላው ሲወድቅ ይጣፋሉ።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይቆጫል። ይህ ዘዴ የሚሠራው በደንብ ለወፍራምና ለማይቋረጥ ድምፅ ነው። ለአውሮፕላን ሞተር፣ ለጄኔሬተር፣ ለአየር ማቀዝቀዣ። የሰው ንግግር ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ ቀጭን ድምፆችም አሉበት፤ ዕቃው አይደርስበትም። እንዲያውም የጄኔሬተሩ ድምፅ ሲጠፋልህ የጎረቤት ጠረጴዛ ወሬ ይበልጥ ጥርት ብሎ ይሰማል። "ይህን ሁሉ ከፍዬ የሱን ስልክ ልሰማ?" ያለኝ ሰው አለ። ወሬ ለሚረብሸው ሰው ርካሹ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ይሻለዋል። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

ሁለተኛ ስክሪን ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ፕላኑ በአንዱ፣ ሠንጠረዡ በሌላው። በአንድ ስክሪን ሲሠራ ቁጥሩን ከአንዱ መስኮት በጭንቅላትህ ተሸክመህ ወደ ሌላው ትወስዳለህ። ሦስቱን ቁጥር ስትሸከም አራተኛው ይወድቃል። አሮጌ ሞኒተርም ቢሆን ይበቃል።

ላፕቶፕ ዘገየብኝ ብሎ አዲስ ሊገዛ ለሚሮጥ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ዲስክ እንዲያይ እመክራለሁ። የድሮው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህን ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞረው እንኳ አንዷን ዙር ለመጨረስ 8 ሚሊ ሰከንድ (የሰከንድ ሺህኛ) ይፈጅበታል። የሚፈለገው ቦታ እስኪዞር በአማካይ 4 ሚሊ ሰከንድ ይጠበቃል፤ ለእያንዳንዷ ቁራጭ ፋይል። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ የሚዞር ነገር ስለሌለው መልሱን የሚሰጠው በአንድ አሥረኛ ሚሊ ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ነው። ዲስኩ ብቻ ተቀይሮለት ነፍስ የዘራ ላፕቶፕ ብዙ አይቻለሁ።

ቻርጀር? እግዜር ይስጣቸው፣ ተስማሙ። ዩኤስቢ ሲ የመጣው በ2014 ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ገበያው ላይ የሚቀርቡ አዳዲስ ስልኮች በሱ እንዲሞሉ ግዴታ አደረገ። ለላፕቶፕ ደግሞ ቀኑን በኤፕሪል 2026 ቆረጠ። ቦርሳዬ ቀለለ። ነገር ግን ጫፉ አንድ ሆነ ማለት ኬብሉ አንድ ነው ማለት አይደለም። አንዱ 240 ዋት ይሸከማል፣ ሌላው ከ60 አያልፍም። አንዱ ፋይል በሰከንድ 40 ጊጋቢት ያሻግራል፣ አንዱ 480 ሜጋቢት ብቻ፣ ያም ከ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የነበረ ፍጥነት። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው መንታ ናቸው። እኔ ከሣጥኑ እንዳወጣሁ ፕላስተር ለጥፌ እጽፍበታለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለ ኬብል ሁሉ መታወቂያ አለው።

ከእኔ ሙያ ውጪ ካየኋቸው ሁሉ የሚያስቀናኝ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የሙቀት ካሜራ ነው። ከ2014 ወዲህ ስልክ ላይ የሚሰካ ዓይነት አለ። የላላ ብሎን ያለበት የሽቦ መጋጠሚያ ለኤሌክትሪኩ መተላለፍ እንቅፋት ስለሚሆን ይግላል። በዓይን ሲታይ ግን ከጎኑ ካሉት አይለይም። ድሮ ለማወቅ መብራት አጥፍቶ፣ ክዳን ከፍቶ፣ እያንዳንዱን ብሎን በመፍቻ መነካካት ነበር። አሁን ባለሙያው የኤሌክትሪክ ቦርዱ ሥራ ላይ እያለ ካሜራውን ያዞርበታል። ሁሉም ወይን ጠጅ ሆኖ አንዷ ቢጫ ሆና ታበራለች። መብራት አጥፍቶ እሷን ብቻ ያጠብቃል።

አብሮኝ የሚሠራው ኤሌክትሪሺያን ግን ካሜራውን ዝም ብሎ አያምነውም። የሚያብረቀርቅ ብረት የራሱን ሙቀት በደንብ አያወጣም፤ የአካባቢውን ሙቀት እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። ስለዚህ የጋለ የመዳብ ባር ቀዝቃዛ መስሎ ሊታይ ይችላል። እሱም ቦርዱ ሲተከል፣ ኤሌክትሪክ ከመለቀቁ በፊት፣ ባሩ ላይ ትንሽ ጥቁር ቴፕ ይለጥፋል። በኋላ ካሜራው የሚያየው ያንን ቴፕ ነው። ደግሞ ቦርዱ ጭነት ላይ ካልሆነ የላላውም የጠበቀውም እኩል ቀዝቃዛ ነው። "ማሽኖቹን አስነሱልኝና ከዚያ እመጣለሁ" የሚለው ለዚህ ነው።

ሐኪሞች ዘንድም ተመሳሳይ ነገር አለ። ስልክ ወይም ታብሌት ላይ የሚሰካ ትንሽ አልትራሳውንድ መጥቷል። ባተርፍላይ አይኪው የተባለው በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ2017 ነው። ድምፁን የሚያወጣው በተለመደው ክሪስታል ምትክ በቺፕ ነው። የትልቁን ማሽን ያህል አያሳይም። ግን ሐኪሙ "ሆዱ ውስጥ ፈሳሽ አለ ወይስ የለም?" ለምትል ጥያቄ በሽተኛውን ሌላ ክፍል፣ ሌላ ወረፋ፣ ሌላ ወረቀት ይዞ አይልከውም። አልጋው ዳር ያየዋል።

የዚህ ሁሉ ሌላኛው ፊት ደግሞ አለ። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱን ሥራ ይዞ ነው የሚመጣው። ቻርጅ ይፈልጋል። አፕዴት ይፈልጋል። አካውንት ክፈት፣ ፓስወርድ አስገባ፣ ኮዱን በኢሜይል ልከናል ይላል። ስማርት ሰዓት ያደረግኩት ስልኬን ቶሎ ቶሎ ከማየት እድናለሁ ብዬ ነበር። የሆነው አንድ መልእክት ሁለት ቦታ ላይ መንቀጥቀጡ ነው። አወለቅኩት። ለሐኪም ወይም እጁ ሥራ ላይ ለሚውል ሰው ግን ሊጠቅም ይችላል፤ ጓንት አድርጎ ስልክ ማውጣት እንዴት እንደሚያስቸግር አውቃለሁ።

የተረፈው ጊዜስ የት ይሄዳል? ይህን ማንም ሻጭ አይነግርህም። ሕንፃ መለካት ቀን ሙሉ ይፈጅ የነበረ ጊዜ፣ የምንለካው አንድ ሕንፃ ነበር። በግማሽ ቀን ማለቁ እንደታወቀ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሕንፃ ተጨመረ። አለቃን አልወቅስም፤ እኔም ብሆን ያንኑ ነው የማደርገው። ግን ከተረፈው ውስጥ ጥቂቱን አስቀድሜ መያዝ ተምሬያለሁ። ልኬቱ ካለቀ በኋላ ሳይት ላይ ሠላሳ ደቂቃ እቆያለሁ። ሠንጠረዡን እዚያው ከፍቼ ከፕላኑ ጋር አስተያያለሁ። የጎደለ ግድግዳ ካለ ሕንፃው ፊቴ ነው። ለዚህ ጊዜ ድሮ አይተርፈኝም ነበር።

አሁን ዓይኔን የጣልኩበት ስልክ ላይ የሚመጣው ላይዳር፣ ማለትም በሌዘር ብርሃን ርቀት የሚለካው መሣሪያ ነው። አፕል በ2020 መጀመሪያ አይፓድ ፕሮ ላይ፣ በኋላ አይፎን 12 ፕሮ ላይ አስገብቶታል። ስልኩን ይዘህ ክፍሉን ትዞራለህ፣ ግድግዳው፣ በሩ፣ መስኮቱ ስክሪኑ ላይ ይሳላል። እስከ 5 ሜትር ያህል ያያል። ከተዋስኩት ስልክ ጋር ጥቂት ክፍሎች ዞሬያለሁ፤ ሥዕሉ የሚያምር ነው። ልኬቱ ግን የሚለያየው በሚሊሜትር ሳይሆን በሴንቲሜትር ነው። ለቀለምና ለልስን ሒሳብ ይበቃል፤ አንድ ግድግዳ 2 ሴንቲሜትር ቢረዝም ቀለም ሠሪው አያውቅም። የበር ፍሬም ለሚያዘው ሰው ግን ያንን ቁጥር አልሰጥም፣ በሌዘሩ ለክቼ ነው የምልክለት። ሁለቱን በአንድ ዙር የሚሠራ ዕቃ ሲወጣ የምታውቁ ካላችሁ፣ ንገሩኝ።